ያልተባለው ስንብት

የመምህር ሀብተ ሚካኤል አስከሬን ከሊማሊሞ ገደል በገመድ ተስቦ ወጥቶ በእኅታቸው ደጅ ሲጋደም፣ ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሣም ነበር። ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ ሽቅብ ይወጡ የነበሩ መንገደኞች ናቸው እሑድ ማለዳ ከቋጥኝ ሥር ወድቀው ያገኟቸው። ወሩ ሐምሌ፣ ዘመኑም ፲፱፻፺ ዓ.ም. ነው።

ኢንስፔክተር ላቀው ከደባርቅ ሲደርስ ልቅሶ እሰማለሁ ብሎ ነበር። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ የሚያለቅስ ግን የለም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ፊት ለፊት የተፋጠጡትን ሁለት ሰዎች ይሰማል። አንደኛዋ የሟች እኅት ወይዘሮ በለጠች፣ ሁለተኛው የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ አሻግሬ ናቸው።

«ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አይገባም። ሥርዓቱን እኔ አልሠራሁት፣ ልጄ» አሉ መምሬ።

«ወንድሜ ራሱን አልገደለም፣ አባ!»

«ተሰናብቶኝ ወጣ እያለ ተማሪው ደርቤ ይመሰክር የለም ወይ?»

ላቀው ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። «እስከ መቼ ይታገሡኛል፣ አባ?»

«ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ። ከዚያ ወዲያ አስከሬን አላሳድርም። የተረጋገጠ ነገር ካላመጣህልኝ ከቅጥር ውጭ ይቀበራል።»

መምህር ሀብተ ሚካኤል በዩኒቨርሲቲ የሩሲያ ቋንቋ ሰዋስው ሲያስተምሩ ፀጉራቸውን ያሸበቱ ሰው ነበሩ። በዚያ ክረምት ሦስት ጎበዝ ተማሪዎቻቸውን የከፍተኛውን ሰዋስው ትምህርት ሊያስጨርሱ ወደ ትውልድ ቀያቸው ይዘው መጥተዋል። ለሞስኮ የተሰጠው የትምህርት ዕድል ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ አንድ ሰው ማን እንደሚሆን የሚመርጡት እርሳቸው ናቸው፤ ምርጫቸውንም ገና ለማንም አልገለጹም።

ላቀው በመጀመሪያ ወደ አፋፉ ሄደ። ከታች ጉም ይፈላል፤ የውኃ ድምፅ ይሰማል፣ ውኃው ግን አይታይም። የመምህሩ ጋቢ በሥርዓት ታጥፎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት አፋፉ ላይ ተቀምጧል። አንድ ፖሊስ፣ «ለመሞት ቆርጠው ነው ያወለቁት» አለ። ላቀው ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣ። ጋቢውን እጥፋቱን እየፈታ ዘረጋው። የመጨረሻው፣ የውስጠኛው እጥፋት ሲጨመቅ ውኃ ይወርደዋል፤ ጭቃም ተለድፎበታል። ላቀው መልሶ አጠፈውና በብብቱ ያዘው።

ወይዘሮ በለጠችን በማድ ቤት አገኛቸው።

«ትናንት ዝናቡ መቼ አባራ፣ እትዬ?»

«ከቀትር በኋላ ዶፍ ጣለ፤ ከብት ሳይገባ አባራ። ከዚያ ወዲያ ጠብ አላለም። ጉም ብቻ ነው።»

«ማታ ለምን አልፈለጓቸውም?»

«ለእሑድ ማኅሌት ደብር ያድራል ብዬ ነዋ! ሁልጊዜ እንዲያ ነው ልማዱ።»

«ተማሪዎቹስ?»

«ዝናቡ ሲጥል ሊድያ ከእኔ ጋር እዚሁ ነበረች። ይታያል ጧት ላምባ ሊገዛ ደባርቅ ወርዶ ዝናብ ያዘው፤ ከባለሱቁ ልጅ ጋር ነው የመጣ። ደርቤ ከመኝታ ቤት ያነብ ነበር። ካባራ በኋላ ግን መጥቶ ጌሾ ሲወቅጥልኝ አመሸ፤ ከዓይኔ አልራቀም። ምን ዓይነት የተባረከ ልጅ ነው!»

ሊድያ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ይታያል ከመምህራችሁ ጋር ተጣልቷል ይባላል። በምንድን ነው?» አላት ላቀው።

«በሰዋስው ነው።»

«ሰዋስው ሰውን ያጣላል?»

«ያጣላል እንጂ! ይታያል ካመነበት ከመምህርም ጋር ይከራከራል። መምህር ደግሞ የሚከራከራቸውን ይወዱ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የተጨቃጨቅነው ስለ መሄድ ነው።»

«ስለ መሄድ? ወዴት?»

ሊድያ ሳታስበው ፈገግ አለች። «ስለ ግሡ ነው የምለው፣ ጌታዬ። በእኛ ‹ሄድኩ› አንድ ቃል ነው። እርስዎ ከቤት ሲወጡም ‹በሉ ሄድኩ› ይላሉ፤ ደርሰው ተመልሰውም ‹ትናንት ዳባት ሄድኩ› ይላሉ። በሩሲያኛ ግን ይለያያል። ሊሄድ የተነሣ ሰው ‹ያ ፖሾል› ብሎ ይወጣል። ሄዶ የተመለሰ ‹ያ ኻዲል› ይላል። አማርኛውን በልቡ ይዞ የሚተረጉም ተማሪ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል።»

«እናንተም ትወድቃላችሁ?»

«ሁላችንም ወድቀናል። አንዳንዱ ተነሣ፤ አንዳንዱ አልተነሣም።»

ይታያል በንዴት ነበር የመለሰ። «ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል! መምህርን ተከራክሬአለሁ፤ አዎ። ሰው የሚከራከረውን ሁሉ ይገድላል እንዴ? እንዲያማ ከሆነ አባቴ እስካሁን በሕይወት ባልኖረ።»

«ሞስኮ መሄድ ትፈልግ ነበር?»

«ማን የማይፈልግ አለ? ደርቤን ይጠይቁት፤ እርሱንማ ቤተሰቡ ሸኝቶት ጨርሷል!»

በመጨረሻ ደርቤ ቀረበ። ረጋ ያለ፣ ቃሉን የሚመርጥ ወጣት ነው።

«መምህር ዝናቡ እስኪያባራ ከክፍላቸው አልወጡም ነበር። ሲያባራ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ በበሩ ብቅ ብለው ‹ሄድኩ› አሉኝ። ለማኅሌት መስሎኝ ዝም አልኩ። ፊታቸው ግን ጠቁሮ ነበር።»

«በአማርኛ ነው ያሉህ?»

«በሩሲያኛ ነው እንጂ። በዚህ ቤት አማርኛ የተፈቀደው ለእትዬ በለጠች ብቻ ነው።»

«እኔ የማላውቀው ቋንቋ ነው። እስቲ እንዳሉት አድርገህ አሰማኝ።»

ደርቤ ጥቂት አሰበ። «‹ያ ኻዲል› አሉኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ላቀው አመስግኖ ተነሣ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሁሉንም ከቃሬዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው። መምሬ አሻግሬ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙ። ላቀው ጋቢውን መሬት ላይ አኖረ።

«አባ፣ የእርስዎ ፍርድ የቆመው በአንድ ስንብት ላይ ነው። ያንን ስንብት የሰማ ደርቤ ብቻ ነው። ስለዚህ ስንብቱን መመርመር ነበረብኝ። ሊድያ፣ መምህርሽ ከቤት ሲወጡ በሩሲያኛ ‹ሄድኩ› ቢሉ ምን ይሉ ነበር?»

«‹ያ ፖሾል›።»

«‹ያ ኻዲል› ሊሉስ ይችላሉ?»

ሊድያ ወደ ደርቤ ዞረች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ይታያል ቀደማት። «እርሳቸው? በፍጹም! ‹ደርሼ መጣሁ› ማለት እኮ ነው!»

«እንግዲህ መምህሩ ደፉን ረግጠው ሊወጡ ሲሉ ‹ደርሼ መጣሁ› አሉ ተብሎ ተመስክሮባቸዋል። ይህን ቃል ማን ይናገረዋል? በአማርኛ ‹ሄድኩ› የሚለውን ያሰበና ሩሲያኛ ያለበሰው ሰው ነው። ስንብቱ ከመምህሩ አፍ አልወጣም፤ ተፈጥሯል።»

«ምላስ ቢያዳልጣቸውስ? መምህርም ሰው ናቸው!» አለ ደርቤ።

«ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩትን? ይሁን፤ አዳለጣቸው እንበል። ጋቢው ግን ምላስ የለውም።» ላቀው እጥፋቱን ዘረጋው። «አንተ ዝናቡን በቤት አሳልፈው፣ ካባራ በኋላ ለብሰውት ወጡ ብለሃል። ጉም ላዩን ቢያርሰው ነው፤ የውስጡን እጥፋት እንዲህ አያጨቀየውም። ይህ ጋቢ ዶፍ የመታው ሰው ትከሻ ላይ ሳለ ነው፤ ጭቃ ላይ ወድቆ፣ ከዚያ በኋላ በሌላ ሰው እጅ ታጠፈ። መምህሩ የሞቱት ዝናብ ሲጥል ነው። በዚያን ጊዜ ሊድያ ከእትዬ በለጠች ጋር ናት፤ ይታያል ደባርቅ ነው። ብቻውን የነበረው አንድ ሰው ነው። ካባራ በኋላ ጌሾ እየወቀጠ ከሰው ዓይን ያልራቀውም እርሱ ነው። ሟቹን እስከዚያ ሰዓት በሕይወት ማቆየት ለእርሱ ካልሆነ ለማን ይጠቅማል?»

 ደርቤ ከጋቢው አጠገብ ቁጭ አለ።

«አባቴ አዲ አርቃይ ላይ ድንኳን ጥሎ ሸኝቶኛል» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «‹ሞስኮ የሚሄደው ልጄ› እያለ አገሩን ጠርቶ። መምህር ለብቻ እናውራ ብለው አፋፉ ድረስ ወሰዱኝ። ዝናብ ያዘን። ‹አንተ አትሄድም› አሉኝ። ‹የሄደን ሰው ከተመለሰ ሳትለይ ማንን ልታስተምር ነው?› ብለው ሳቁ። ስለ አባቴ ልነግራቸው ነበር... ገፋኋቸው።»

የሰው ነፍስ ያጠፋው ያ አንድ ግፊት ከቅጽበት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው። ጋቢውን ማጠፉ፣ ስንብቱን መፍጠሩ፣ ጌሾውን መውቀጡ ግን በቀዝቃዛ ልብ፣ በየተራ የተሠራ ነው። ሟቹን ሁለተኛ ጊዜ የገደላቸው ይህ ነው፤ ከቀባሪና ከጸሎት ሊያስከለክላቸው ነበርና።

መምሬ አሻግሬ መቋሚያቸውን ለዲያቆኑ ሰጥተው ወደ ቃሬዛው ቀረቡ። «ይቅር በለኝ፣ ሀብተ ሚካኤል» አሉ ዝቅ ብለው። ከዚያም ቀና ብለው፣ «አንሡት! መቃብሩ በቅጥሩ ውስጥ ይቆፈር» አሉ።

ታፍኖ የዋለው ልቅሶ ያን ጊዜ ፈነዳ። ፖሊሶቹ ደርቤን ይዘው ወደ መኪናው ሲያመሩ ወይዘሮ በለጠች ከቃሬዛው ኋላ ተነጥለው መጡና በላቀው ፊት ቆሙ።

«ለዚህ ልጅ አባት ዛሬውኑ ሰው ላክለት» አሉት። «ሽማግሌ ይሁን፤ አስቀምጦ ይንገረው። ከመንገደኛ አፍ እንዳይሰማው።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ወንድማቸው ተመለሱ። የፍትሐቱ ዜማ ተጀመረ።