ሆዱን የተሰረቀው አምፕሊፋየር

ሳጥኑ በቦታው ነበር። የተሰረቀው ሆዱ ነው።

«ሌባው ሳጥኑን ትቶ የውስጡን ብቻ ይዞ ሄደ ነው የሚሉኝ?» አለች ሳጅኗ።

«ልጄ፣ አንድን ሰው ሥጋና አጥንቱን ትተው ነፍሱን ቢወስዱበት ምን ይባላል?» አሉ ጋሽ ጆሮ።

ሳጅኗ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ስለ ሙዚቃ የምታውቀው ነገር ቢኖር ሲጮህ መስኮት መዝጋት ብቻ ነው። ሽማግሌው ግን ዓይናቸው ቀልቷል፤ በሰው ሐዘን አይሳቅም።

ጋሽ ጆሮ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ጊታር የሚጫወቱበት ባንድ ነው። የማን ጊታር ክር እንደላላ ጀርባቸውን ሰጥተው ይናገራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርግ ላይ ሲጫወቱ ኖረዋል፤ ለሥራ ይዘው የሚሄዱት ግን የባንዱን አዲስ የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ አዲሱን አምፕ ነው። ይህኛው፣ በመስታወት ቱቦ የሚሠራው አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ከሳሎኑ ጥግ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ከነገ ወዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወጣ ነበር። አንድያ ልጃቸው ታገባለች፤ እናቷን ለማግባት ሲሉ የደረሱትን ዜማ በዚሁ አምፕ ሊጫወቱላት ቃል ገብተውላታል።

«መሰረቁን በምን አወቁ?»

«ሳልጠብቀው መጣ!»

«ማን?»

«ድምፁ ነዋ! የኔው ቱቦዎቹ እስኪግሉ ያስጠብቃል። እንደ ትልቅ ሰው ነው፤ ተነስ ስላልሽው ዘሎ አይነሳም። ዛሬ ገና ስነካው ጮኸ። ብዙ ተጫወትኩበት፤ ጀርባውን ብዳስሰው ቀዝቃዛ። ከፈትኩት። አንድም ቱቦ የለም! የዛሬ ዘመን ሰርኪት ጎልተውበታል።»

ባለቤታቸው የሻይ ትሪ በቀኝ እጃቸው ደግፈው ገቡ።

«ጣውንቴ ሞተች እያላችሁ ነው?»

«ጣውንቴ?» አለች ሳጅኗ።

«ይቺ ሳጥን ናታ! ስትታመም ባለሙያ ይጠራላታል፣ አቧራ እንዳይነካት ጨርቅ ትለብሳለች። እኔ ያስነጠስኩ እንደሆነ ‹ቀስ በይ፣ እየተጫወትኩ ነው!› እባላለሁ። ነክቻት አላውቅም፣ ወደፊትም አልነካትም!»

ይህን እያሉ ትኩሱን ብርጭቆ በግራ እጃቸው ጣቶች ጫፍ አንስተው ከሳጅኗ ፊት አስቀመጡ። ሳጅኗ ልታነሳው ብትሞክር አቃጠላትና ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

ከመኝታ ቤት የሙሽራዋ ድምፅ መጣ። «እማዬ! የጆሮ ማዳመጫዬን አላየሽውም? ሰሞኑን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት!»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ እናት፣ ትንሽ ፈጠን ብለው።

ሳጅኗ በሩን አየች። መስኮቶቹን አየች። የተሰበረ የለም። ሌባው ተጋብዞ የሚገባ ሰው ነው። ጋሽ ጆሮ የሚጠረጥሯቸውን ሁለት ሰዎች ጠሩላት፤ ቤዝ ጊታር የሚጫወተውን የባንዱን ባሲስትና የአሮጌ ዕቃ ነጋዴውን።

ባሲስቱን ቤቱ አገኘችው።

«‹ይሄ ሳጥን ቢጠፋ እደግሳለሁ› ብለሃል?»

«ብያለሁ። ሁሌ ጋሼ ቤት ልምምድ ስንጀምር እሱ እስኪግል ቆመን ነው የምንጠብቀው።»

«ታዲያ አጠፋኸው?»

«ሳጅን፣ እኔና ካቻቢቴ አንተዋወቅም። ሚስቴን ጠይቂያት። ያ የመደርደሪያ በር ከተንጠለጠለ ስንት ጊዜው!»

ሚስቱ ከኋላው ሆና በረጅሙ ተነፈሰች። ሳጅኗ ዞር ብላ አየች። በሩ በአንድ ብሎን ላይ ተንጠልጥሏል። ይህ ሰው እንኳን የአምፕሊፋየር ሆድ ሊያወጣ፣ የብሎኑን ጭንቅላትም አያውቅም። ስሙን ሰረዘችው።

የነጋዴው ሱቅ ከወለሉ እስከ ጣሪያው በአሮጌ ራዲዮ፣ በአሮጌ ስልክና በአሮጌ አምፕሊፋየር ታጭቋል። ነጋዴው ራሱ ከዕቃዎቹ መሃል እንደ አንዱ ዕቃ ብቅ አለ።

«አምፑን ሽጡልኝ እያልክ ስትመላለስ ነበር።»

«ለምኜያለሁ። እምቢ ብለውኛል።»

«በባትሪ ሆዱን ስትበረብርም ታይተሃል።»

«አሮጌ አምፕ የሚገዛ ሰው ፊቱን አያይም፣ ሳጅን። ጨርቁ ይቀየራል፣ ቁልፎቹ ይቀየራሉ፣ የፋብሪካው ምልክት እንኳ ተገዝቶ ይለጠፋል። እኔ የማየው ትራንስፎርመሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ነው። ዓመቱን ይናገራል። ቀጥሎ ብየዳውን አያለሁ፤ የድሮው ደብዝዟል፣ አዲሱ ያብረቀርቃል። ከዚያ አሸታለሁ።»

«ታሸታለህ?»

«የተቃጠለ ትራንስፎርመር ጠረኑን አይደብቅም።»

ይህን እንዳለ ምላሱን ነከሰ። ሳጅኗ አፍንጫዋን ወደ ላይ አነሳች። እውነትም የሆነ ነገር ተቃጥሏል።

«የጎረቤት ምሳ ነው» አለ ነጋዴው።

ሳጅኗ ጠረኑን ተከትላ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው ሄደች። የቀጭን መዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ግማሹ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር፣ በፎጣ የተጠቀለሉ የመስታወት ቱቦዎች። አጠገባቸው አንድ ሮዝ የጆሮ ማዳመጫ ተጋድሟል፤ አንደኛው ጆሮው ቀልጧል።

«ተይዘሃል።»

«አልሰረቅኩም!»

«ታዲያ ማን አመጣልህ?»

«ቃል አለብኝ። እሰሩኝ እንጂ አልናገርም።»

ሮዝ ማዳመጫ አምፕ ፈትቶ ከሳሎን አይወጣም። ከዚያ ቤት ያወጣው ሰው አለ። ሳጅኗ ሙሽራዋን አሰበች። ከዚያ ትኩሱ ብርጭቆ ትዝ አላት፤ የተቃጠለ ጣቷን ዳሰሰች።

«እንዴት ነው የሚከፈተው ይሄ ነገር?» አለች መደርደሪያው ላይ ያለውን አምፕ እያሳየች።

«ሁለት ማብሪያ አለው። በመጀመሪያው ቱቦዎቹ ይግላሉ። ሁለተኛው ድምፁን ይለቃል። የለመደ ሰው በመሃል ይጠብቃል። ያልለመደ ሁለቱንም ቀጭ ቀጭ ያደርጋቸዋል።»

«በል ተሸከመውና ተከተለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በጋሽ ጆሮ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሳጅኗ የሱቁን አምፕ መሃል ላይ አስቀምጣ ሙሽራዋን ክፈቺው አለቻት። ቀጭ ቀጭ! ሁለቱንም። ባሲስቱም ቀጭ ቀጭ! ነጋዴው ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው ፊቱን እያጨማደደ ማብሪያዎቹን መልሶ አጠፋቸው።

«አሁን እትዬ ይሞክሩ።»

«እኔ? እኔ ኤሌክትሪክ እፈራለሁ!»

«ግድ የለም፣ አንዴ ብቻ።»

ባለቤታቸው ቀረቡ። የመጀመሪያውን ማብሪያ ተጫኑ። እጃቸውን ሰበሰቡ። ጎንበስ ብለው ከኋላ ቱቦዎቹን እያዩ፣ ከንፈራቸው ውስጥ አንድ ዜማ እያንጎራጎሩ ጠበቁ። ቱቦዎቹ ቀስ በቀስ ቀሉ። ያኔ ሁለተኛውን ተጫኑ።

ቀና ሲሉ ሁሉም እያያቸው ነው። ጋሽ ጆሮ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«ጣውንትዎን በደንብ ያውቋታል፣ እትዬ» አለች ሳጅኗ። «እስቲ ግራ እጅዎን።»

የጣቶቻቸው ጫፍ እንደ ጋሽ ጆሮ ጣት ደድሯል። ክር ሲጫን የኖረ ጣት።

«በይ እሰሪኝ የኔ ልጅ» አሉ ባለቤታቸው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። «እሱ ሥራ ሲሄድ በአሮጌው ጊታሩ ተማርኩ። ልጄ ስታገባ ዜማዋን እኔ ልጫወትላት ብዬ። ሁሌ ድምፁን ቀንሼ ነበር የምከፍተው። ሰሞኑን ግን ለሠርጉ ሥራ ሴቱ ሁሉ ጓዳዬን ሞልቶታል። እንዳይሰሙኝ ብዬ የስፒከሩን ገመድ ነቀልኩና በቦታው የልጅቷን ማዳመጫ ሰካሁበት።»

ነጋዴው ያ ቀን ዛሬ የመጣ ይመስል ራሱን ያዘ።

«መጀመሪያ ማዳመጫው ጮኸ» አሉ ባለቤታቸው። «ከዚያ ጭስ!»

«ቱቦ አምፕ ስፒከሩን ከነቀሉበት ጉልበቱን የሚያወጣበት ያጣል» አለ ነጋዴው። «ትራንስፎርመሩን ይበላዋል። እየጠመጠምኩት ነው፣ ጋሼ። ለሠርጉ ይደርሳል። እስከዚያ ሳጥኑ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ያንን ቀላል ሰርኪት ሞላሁበት።»

«በድብቅ ጠርቼ ስሰጠው፣ ባሌ እስከ ሠርጉ አይነካውም ብዬው ነበር» አሉ ባለቤታቸው። «መቼ አስችሎት!»

ሙሽራዋ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ማዳመጫዋን ረስታዋለች። ጋሽ ጆሮ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መማር የጀመርሽው መቼ ነው?»

«ልጃችን ትምህርት ቤት የገባች ጊዜ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን! እንዴት አልሰማሁሽም?»

«ጆሮህን ለሳጥኑ ሰጥተህ እኔን በምንህ ትሰማለህ? ደሞ ይህን ያህል ከተናዘዝኩ አይቀር፣ ዜማው መሃል ላይ ሁሌ ትሳሳታለህ።»

ባሲስቱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ በረንዳ ሮጠ።

«ጋሼ፣ ክስ ይመሠርታሉ?» አለች ሳጅኗ።

«አዎን።»

ጋሽ ጆሮ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ፍርዱን ግን እኔ ነኝ የምሰጠው። ዜማውን እሷ ትጫወተው። እኔ ከፊት ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ነጋዴው ላብ በላብ ሆኖ፣ የአምፑን ሆድ እንደ ሕፃን ታቅፎ ደረሰ። ጋሽ ጆሮ ትራንስፎርመሩ ላይ የተመታውን ቁጥር አነበቡ፣ ብየዳውን አዩ፣ አሸተቱ። ከዚያ የነጋዴውን ግንባር ሳሙት። በሕይወታቸው ደስ ካላቸው ቀኖች አንዱ ነበር፤ ገና ሙሽራው እንኳ አልመጣም።

ሳጅኗም ተጠርታ ከፊት፣ ከጋሽ ጆሮ አጠገብ ተቀምጣለች። የሙሽራዋ እናት የመጀመሪያውን ማብሪያ ተጭነው እጃቸውን ሲሰበስቡ ምን እንደሚጠብቁ ያልገባው እንግዳ ማጉረምረም ጀመረ። እሳቸው ቱቦዎቹ እስኪቀሉ ጠበቁ። ሁለተኛውንም ተጫኑና መጫወት ጀመሩ።

ሙዚቃ የማታውቀው ሳጅን እንኳ እግሯ መሬቱን ሲመታ አገኘችው። ዜማው መሃል ላይ ደረሰ። ጋሽ ጆሮ ዘወትር አድበስብሰው የሚያልፉት ቦታ ነው። ባለቤታቸው ግን አንድም ሳይዘሉ ወጡት፣ አንድም ሳይዘሉ ወረዱት።

«እንዲህ ነበር እንዴ የደረስኩት?» አሉ ጋሽ ጆሮ።

ሳጅኗ ዞር ብላ ልታያቸው ስትል እጃቸውን አነሱባት።

«ዝም በይ» አሏት፣ ምንም ሳትናገር። «እየሰማኋት ነው።»