ጥሩነሽ የጻፈችው የመጀመሪያ መስመር

ጥሩነሽ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነበር። አባቷ አቶ ገብረአብ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ይህ የሆነው ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ እናንተ አልተወለዳችሁም፤ እኔም አልተወለድኩም።

ጥሩነሽ ሙሉዓለም የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። ሙሉዓለም አባቷን አታውቀውም። እናቷም ጉራጌ አገር ሳሉ በንዳድ በሽታ ሞተውባታል። የምታድገው የእናቷ ወንድም በሆኑት አጎቷ በአቶ ወልደገብርኤል ቤት ነው። አቶ ወልደገብርኤል ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አቡጀዲ ጨርቅ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው።

ሁለቱ ልጆች የሚማሩት አንድ ላይ፣ መምህር ገብረሕይወት ዘንድ ነበር። አንድ ዓርብ ሙሉዓለም ዓይኗ አብጦ መጣች።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት ጥሩነሽ።

«አጎቴ ትምህርቱ ይብቃሽ አለኝ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ሱቅ ነው የምውለው።»

ጥሩነሽ እጇን ያዘቻት። «እኔ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ!» አለች። «እለምናቸዋለሁ።»

እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ መምህር ገብረሕይወት በዚያው ቀን ያስተማሩት ሰውን የሚያሳምን ጽሑፍ እንዴት እንደሚጀመር ነበር። «መግቢያችሁ ብርቱ ይሁን» አሉ። «አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ እንዳያስቀምጠው አድርጉ። የምትለምኑትን ቶሎ ንገሩት። ከሁሉ በላይ ግን የምትጽፉት እውነት ይሁን።»

የመጨረሻውን ሲናገሩ ጥሩነሽ ብዕሯን እየጠረገች ነበር፤ አልሰማችም። እናንተ እንዲህ እንደማታደርጉ አውቃለሁ። ወይስ ታደርጋላችሁ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩነሽ ወረቀት ይዛ ተቀመጠች። «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብላ ጀመረች። አነበበችውና ሰረዘችው። «ይሄንንማ ሁሉም ሰው ይጽፋል» አለች።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። ክፉ ሐሳብ ነበር፤ ለእሷ ግን ያማረ መሰላት። በሌላ ወረቀት ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ጋሽ ወልደገብርኤል፣ ሙሉዓለም በጠና ታማለች፤ ነፍሷ ልትወጣ ነው።»

«ግን እኮ በሁለተኛው መስመር እገልጥላቸዋለሁ» አለች ለራሷ። ቀጥላም «አይደንግጡ፤ የታመመችው ከትምህርት ቤት ልትወጣ ነው ብላ በሐዘን ነው» ብላ ጻፈች። ልመናዋን ሁሉ ከዚያ በታች አሰፈረችው።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤታቸው ወይዘሮ አዳነች ወደ ገበያ ሲወርዱ ደብዳቤውን ይዘው ሄዱ። ማንበብ አይችሉም፤ «ከልጆቹ ትምህርት ቤት ነው» ብለው ለአቶ ወልደገብርኤል ሰጧቸው።

አቶ ወልደገብርኤል የመጀመሪያውን መስመር አነበቡ። ሁለተኛውን ግን አላነበቡም። ወረቀቱን እንደ ጨበጡ፣ ሱቁን ሳይዘጉ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገቱን ሽቅብ ሮጡ። የሰኔ ዝናብ ጀምሮ ነበር። መንገድ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና ጉልበታቸው ደማ። ተነሥተው እንደገና ሮጡ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ሙሉዓለም ከጣራው ሥር ተጠልላ ሰኞ ማክሰኞ ትጫወት ነበር።

አቶ ወልደገብርኤል አዩዋት። ቀረብ ብለው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«እናትሽ የሞተች ጊዜም እንዲህ ያለ ወረቀት ነው የመጣልኝ» አሉ። «ይህን የጻፈው ማን ነው? አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም፣ አጎቴ!»

«ካንቺ በቀር ማን ይጽፈዋል? ትምህርቱ ያስተማረሽ መዋሸት ነው? በይ ተነሺ! ወሩን አንጠብቅም።»

እጇን ይዘው ወሰዷት። ጥሩነሽ በር ላይ ቆማ ሁሉንም አየች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ሳትል ግን ቀረች። አቶ ወልደገብርኤል ሱቃቸው ሲደርሱ ደግሞ ደጅ የተሰቀለውን አቡጀዲ ዝናብና ጭቃ አበላሽቶት አገኙት።

ጥሩነሽ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ሌሎቹ ልጆች ሲሄዱ ወደ መምህሯ ቀረበች።

«የኔታ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችና አለቀሰች።

መምህር ገብረሕይወት አልተቆጡም። «ጋሽ ወልደገብርኤል እንዲያምኑሽ ነው የጻፍሽው፤ አይደለም?»

«አዎ።»

«ታዲያ በመጀመሪያው መስመር ከዋሸሻቸው ሁለተኛውን እንዴት ያምኑሻል?»

ጥሩነሽ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«ስለ ሙሉዓለም እውነቱን ንገሪኝ። እሳቸው የማያውቁት፣ አንቺ የምታውቂው ምን አለ?»

ጥሩነሽ አሰበች። ከዚያ ነገረቻቸው። መምህሩ አዳምጠው ሲያበቁ «ከዚህ የበለጠ ምን መግቢያ ትፈልጊያለሽ? ሂጂ፣ ይህንኑ ጻፊ» አሉ።

በማግስቱ ጥሩነሽ ያደረገችውን ለአባቷ ነግራ ከእሳቸው ጋር ወደ ሱቁ ወረደች። ሙሉዓለም ጥግ ላይ ጨርቅ ታጥፋለች። ጥሩነሽ ገና እንደ ገባች አቶ ወልደገብርኤል ጉልበት ላይ ወደቀች።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሙሉዓለም አታውቅም። ይቅር ይበሉኝ።»

አቶ ወልደገብርኤል ሙሉዓለምን አዩ። «በከንቱ ነው የተቆጣሁሽ» አሏት። ከዚያ ጥሩነሽን ከመሬት አነሧት። «ይህ በእጅሽ ያለው ምንድን ነው?»

«ሌላ ደብዳቤ ነው።»

«እኔ እንኳ ደብዳቤ ፈርቻለሁ። አንቺው አንብቢልኝ።»

ጥሩነሽ አነበበች፦

«ጋሽ ወልደገብርኤል፣ ለእኅትዎ የላኩላቸውን ሰባት ደብዳቤዎች ሙሉዓለም በሙዳይ አስቀምጣቸዋለች። እናቷ ማንበብ ስለማይችሉ ሰው ነበር የሚያነብላቸው። ሙሉዓለም ግን አራቱን ራሷ አንብባለች። የቀሩትንም እንድታነብ፣ ትምህርቷን እንዳያቋርጧት ልለምንዎ ነው ይህን የጻፍኩት።»

ገና ብዙ ነበራት። አቶ ወልደገብርኤል ግን እጃቸውን አነሡ።

«እውነት ነው?» አሏት ሙሉዓለምን።

ሙሉዓለም አንገቷን ደፋች። «አዎ፣ አጎቴ።»

«ሦስቱ ለምን ቀሩ?»

«ጽሕፈቱ አስቸገረኝ።»

አቶ ወልደገብርኤል ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ሳቁ። «ያን ጊዜ እኔም ገና ለማጅ ነበርኩ» አሉ። «በይ ሦስቱን አላነብልሽም። ራስሽ ታነቢያቸዋለሽ። ነገ ወደ ትምህርት ቤትሽ ተመለሺ። ሱቅ የምትረጂኝ ከሰዓት በኋላ ይሁን።»

ሙሉዓለም አጎቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ጥሩነሽም ደጋግማ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ወልደገብርኤል» አለች። ቅዳሜ ሁለቱ ልጆች በጭቃ የተበላሸውን አቡጀዲ ወንዝ ወርደው በሳሙና አጠቡ። ከፊሉ ጠራ፤ ከፊሉ ግን እድፉ አልለቀቀም። አቶ ወልደገብርኤል ግን አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም።

በማግስቱ እሑድ ጥሩነሽ ቤተ ክርስቲያን ቆማ አመሰገነች። «ጌታዬ ሆይ፣ ስላልተቆጡኝ ስለ የኔታ አመሰግንሃለሁ። ዋሽቻቸው ሳለ ሁለተኛ ጊዜ ስላዳመጡኝ ስለ ጋሽ ወልደገብርኤል አመሰግንሃለሁ። በእኔ ጥፋት አጎቷ ተቆጥተዋት ሳለ ቂም ስላልያዘችብኝ ስለ ሙሉዓለም አመሰግንሃለሁ።» ቀና ስትል ሙሉዓለም ከጎኗ ቆማ ነበር።

ልጆቼ፣ ሰውን ለማሳመን ስትጽፉም ሆነ ስትናገሩ፣ ከአፋችሁ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል እውነት ይሁን።