ያልደረቀው አንሶላ

«የእኔን ምክር የሰማ መንገደኛ ድሬዳዋ ላይ ራሱን እንኳ አያመውም፣ ዋላሂ!» ትል ነበር ዐስሊ። ከዚራ ሰፈር ባለው የአዴ ሳሕራ ማረፊያ ቤት፣ ለኩባንያ ሥራ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሁሉ የምትቀበለው እሷ ናት። ጫማህን ሳታራግፍ አታጥልቅ፣ ጊንጥ አለ። በቀትር አንሶላህን ነክረህ ተኛ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ጉዳይ አትቅጠር...

በ1953 ዓ.ም. ግንቦት፣ አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ምክሯን አንድ በአንድ የፈጸመውን አቶ አለምብርሃንን ልትቀሰቅስ ገባች። ርጥብ አንሶላ ፊቱ ላይ ተጣብቋል፤ ጫፉ ወለሉ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ስትገልጠው ከንፈሩ ጠቁሯል። እየጮኸች ሮጣ ወጣች።

የፖሊሱ ሻምበል አብዱሰመድ ሬሳውን ዞሮ አየና «ታፍኖ ነው» አለ። የአንሶላውን ጫፍ ጨመቀው። «ማነው የነከረው?»

«እኔ... በስድስት ሰዓት፣ ጌታዬ። ለሙቀቱ ብዬ ነው፤ ይመኑኝ!» ድሬዳዋ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ነው፤ ዐስሊን ግን ፍርሃት «እርስዎ» አስባላት።

«ይኸው! ርጥብ ጨርቅ ትንፋሽ ይዘጋል። ይቺ ናት የገደለችው!» አለ ካሣ፣ ከሟቹ ጋር ትናንት በባቡር የመጣው የሥራ ባልደረባው።

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አንቃጨለ። ዐስሊ የስቅላቱ ገመድ አንገቷን የነካት መሰላት።

ሻምበሉ ዐስሊን፣ ካሣንና የቤቱን ባለቤት አዴ ሳሕራን ሳሎን ሰበሰባቸው። «ከስድስት ሰዓት በኋላ የት ነበራችሁ?»

«እኔና እሷ ጓሮ ዛፍ ሥር ተኝተን» አለች አዴ ሳሕራ። «ተኝተን ስል፣ የተኛችውስ እሷ ናት። እያንኮራፋች እኔን ማን ያስተኛኛል?»

«እኔ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀፊራ ገበያ፣ ሱቅ ገብቼ ለሚስቴ ሽቶ እየገዛሁ ነበር» አለ ካሣ። «ይህን ክፍል እግሬም አልረገጠው።»

«ትናንት እራት ላይ ተጣልታችሁ የለ?» አለች አዴ ሳሕራ። «የጅቡቲውን ሹመት ለእሱ ሰጡብኝ ብለህ!»

ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ። «አዲስ አበባ በክረምት የታጠበ አንሶላ ሦስት ቀን አይደርቅም። የእኛ ፀሐይ ግን ሌላ ናት። በስድስት የተነከረ፣ ሰባት ሳይሞላ ይንኮሻኮሻል። ይሄኛው በዘጠኝ ሰዓት ያንጠባጥባል። ዐስሊ የነከረችው ደርቆ፣ ሌላ ሰው ዘግይቶ ደግሞ ነክሮታል፤ በእሷ ይላከካል ብሎ። የድሬ ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ እንግዳ ነው።» ወደ ካሣ ዞረ። «በስምንት ሰዓት ደግሞ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ይተኛል። ሽቶውን ማን ሸጠልህ? በሕልሙ?»

ካሣ ወደ በሩ ዘለለ። ፖሊሱ አንገቱን ጨምድዶ ያዘው። «ቦታው የእኔ ነበር! የእኔ!» እያለ እየተጎተተ ወጣ።

ዐስሊ እንባዋን ጠራረገች፤ ምላሷም ተመለሰ። «አየህ፣ ሻምበል? እኔ ባልነክረው በምን ትይዘው ነበር? ምርመራም ልምከርህ እንዴ?»

አዴ ሳሕራ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«መጀመሪያ ቀሚስሽን ቀይሪ፤ ሸንተሽበታል።»