ለማዳም የጻፍኩት ትምህርት

ቡዳ በላው፣ ዛር ሰፈረበት ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ አሁንም ነኝ መሰለኝ። ደሴ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፣ ሁሉም ነገር ምክንያት አለው እያልኩ ልጆቹን ያሰለቸሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ላስደንቃችሁ ብዬ አይደለም፣ ብቻዬን ተሸክሜው ስለታከተኝ ነው።

ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት ሳዑዲ አረቢያ፣ ደማም ገባሁ፣ አል መዝሩዒያ በሚባል ሰፈር የአንድ ቤተሰብ የቤት ሠራተኛ ሆኜ። ክርስቲያን ስለሆንኩ ደላላው ፓስፖርቴ ላይ ዘይነብ አስብሎኛል፣ ያኔ ብዙዎቻችን የሄድነው እንደዚያ ነው፣ በማላውቀው ስም ስጠራ ቶሎ አቤት ማለት ራሱ አንድ ሥራ ነበር። ስጠርግ፣ ሳጥብ፣ ስተኩስ ኮንትራቴ አልቆ ስምንት ወር ተጨመረበት። ማዳምን ኹሩጅ የሚሉትን የመውጫ ወረቀት ስጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ "ነገ" ነው፣ ያለሱ ደግሞ አውሮፕላን ላይ መውጣት የለም። ከዚያ ወረቀት ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር፣ አገሬ ገብቼ መተኛት ብቻ።

የማዳም አንድያ ልጅ ኑፍ አሥር ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ስለ እንቁራሪትና እንሽላሊት አረባብ የቤት ሥራ ተሰጥቷት አልገባኝም ብላ ታለቅሳለች። ካውያውን አስቀምጬ ደብተሯ ላይ ሳልኩላት፣ እንቁራሪቷ ውሃ ውስጥ እንቁላሏን ስትጥል፣ ወንዱ ዘሩን ከላይ ሲያፈስበት፣ ከዚያ ባለጭራው ግልገል፣ ከዚያ እግር ሲያወጣ። ከጎኑ ደግሞ እንሽላሊቷን፣ ከወንዱ ጋር ተገናኝታ እንቁላሏን በሆዷ ይዛ ስትቆይ፣ ቅርፊት ሲያበጅ ደረቅ ቦታ ሸሽጋው ስትሄድ። እንደ ድሮዬም ሳላስበው በየሥዕሉ ሥር በአማርኛ ጻፍኩበት። እዚያ አገር የቤት ሠራተኛ ማንም በማያነበው ፊደል ከጻፈች ሲህር ነው፣ ድግምት፣ በዚህ ሰበብ እስር ቤት የገቡ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ደክሞኝ ረሳሁት።

በማግሥቱ በቀትር ቤቱ ሁሉ ተኝቶ እኔ ልብስ አጥባለሁ። ከቧንቧው ውስጥ ድምፅ ሰማሁ፣ ኩርር፣ ዝም፣ ኩርር። ቧንቧውን ዘጋሁት፣ አልቆመም። እንቁራሪት ነው፣ እንዲያውም ወንድ፣ ሴቷን ሲጠራ እንዲያ ነው የሚጮኸው። ዝናብ እንደ ሩቅ ዘመድ በሚናፈቅበት ከተማ እንቁራሪት ከየት መጣ ብዬ ጣራ ላይ ወጣሁ።

የውሃው ታንከር ብረት ነው፣ ክዳኑ በሽቦ ታስሯል፣ ያሰርኩትም እኔ ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት ካጠብኩት በኋላ። ስጠጋ ድምፁ ቆመ። ክዳኑ ከፀሐዩ የተነሳ ያለ ጨርቅ አይነካም፣ ከፍቼ እጄን ብነክር ውሃውም አቃጠለኝ። ላዩ ላይ ግን እንደተዘፈዘፈ ተልባ የሚያሙለጨልጭ ነገር ተንሳፍፏል፣ በየፍሬው ውስጥ ጥቁር ነጥብ አለ፣ ነጥቦቹ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ይንቀሳቀሳሉ። በዚያ ሙቀት ምንም ነገር በሕይወት አይቆይም። እናት የለ፣ አባት የለ፣ ታንከሩን ዞሬ ዞሬ አየሁት፣ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አጣሁበት።

"ዘይነብ" አለችኝ ማዳም ከኋላዬ። የኑፍን ደብተር ይዛለች።

"ይሄ ምንድን ነው?" ውሃውን ነው የምታየው።

"እንቁላል ነው ማዳም፣ የእንቁራሪት።"

"ይሄስ?" ጣቷን አማርኛው ላይ አሳረፈች።

"ያው ስሙን ነው የጻፍኩት። ወላሂ ሌላ ነገር ማፊ፣ የለም።"

"ትናንት ጻፍሽው፣ ዛሬ መጣ።"

አለቀልኝ አልኩ፣ አገሬን ዳግመኛ አላያትም አልኩ። እሷ ግን አልጮኸችም፣ ክዳኑን በገዛ ሻርፗ ይዛ ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ከኑፍ በኋላ ማኅፀኔ እምቢ አለኝ። ባሌ ኾባር ከተማ ሌላ ቤት ተከራይቷል፣ ሊያገባብኝ ነው። ለእኔም ጻፊልኝ።"

"ማዳም፣ እኔ አስተማሪ ነበርኩ እንጂ..."

"ካረገዝኩ ኹሩጅሽን በእጄ እሰጥሻለሁ። ካላረገዝኩ ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። ኸላስ።"

ወጥ ቤት ገብቼ ወረቀት ፊት ተቀመጥኩ። ምን ይጻፋል? ከንጋት ጀምሮ ቆሜ ውያለሁ፣ ጭንቅላቴ ባዶ ነው፣ የመጣልኝ ያው የትናንቱ ትምህርት ነው። እንሽላሊት እንቁላሏን በሆዷ ይዛ ትቆያለች፣ የራሷ የሰውነት ሙቀት የላትም፣ እያልኩ ግማሽ ገጽ ሞላሁላት። ማዳም ወረቀቱን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ቀለሙ ሲለቅ ሰማያዊውን ውሃ ፊቴ ቆማ ጠጣችው።

ያን ተልባ መሳይ ልጠርገው ወዲያው ብወጣ ታንከሩ ውስጥ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ነበር። የነካው ሰው የለም፣ ማዳም ከእኔ ጋር ነበረች፣ ኑፍም ተኝታለች።

ሰኔ ላይ አረገዘች። መስከረም ሲያልቅ ኹሩጁን እንደ ቃሏ በእጄ ሰጠችኝና አቅፋ ሳመችኝ፣ በዚያ ቤት የመጀመሪያዬ ነው፣ ደስታዋን ስታዩት ታሳዝናለች። ከዚያ እጄን ይዛ ገፋ ያለው ሆዷ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀዝቃዛ ነው። ኤሲው ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ፣ ግን የያዘችኝ እጇ ትኩስ ነበር። ከሥሩ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ወደ መዳፌ ሙቀት ዞረና እዚያው ተለጠፈ። እሷ እንደ ልጅ ሳቀች፣ እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩና ሻንጣዬን አነሳሁ።

ይኸው ዘመን አለፈ፣ ምን እንደተወለደ አላውቅም፣ ልጠይቅም አልደፈርኩም። እኔ የማላምንበትን ነገር እሷ አምና ጠጣችው። ጸሎት ልጽፍላት እችል ነበር፣ አባታችን ሆይን እንኳ፣ ማን ያነበዋል? ደክሞኝ ነበር፣ እመኑኝ፣ ደክሞኝ ነው።