ያልገባው ታኮ

ፍንጭት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ይህን ስም ያወጣላት የፊት ጥርሶቿ ክፍተት ነው። ከእናትና ከአባቷ ጋር፣ ከአንድ ጋራዥ ፊት ለፊት ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖር ነበር።

አባቷ አንዲት ትንሽ አሮጌ ትራክተር ነበረችው። ጠዋት የትምህርት ቤቱንና የክሊኒኩን ሣር ታጭዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ውኃ፣ አሸዋና የሰው ዕቃ ትጎትታለች። «አሮጊቷን ዛሬ ወገቧን አሟታል፤ ቀስ እንበል» እያለ አባቷ ስለ ትራክተሯ ሲቀልድ ፍንጭት በሳቅ ትፈርሳለች።

የትራክተሯ ፍሬን ደካማ ነበር። የጋራዡ ባለቤት፣ ጎረቤታቸው መካኒኩ፣ በየጊዜው ይጠግነዋል። «ቢሆንም ቁልቁለት ላይ አትመናት» ይል ነበር። ስለዚህ በቆመች ቁጥር ከጎማዋ ሥር ታኮ ይገባል፤ ጎማውን የሚያግድ ወፍራም እንጨት ነው። ትምህርት በሌለ ቀን ይህ የፍንጭት ሥራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የክሊኒኩን ተዳፋት ሲያጭዱ እርጥብ ሣር ከትራክተሯ ፊት በተገጠመው ማጨጃ ላይ ተጠመጠመ። አባቷ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ፍንጭቴ፣ ታኮው!»

ፍንጭት ጥላ ሥር ጋደም ብላ ነበር። ፀሐዩ ያቃጥላል። «ስንት ጊዜ አስገብቻለሁ! አንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆናል?» ብላ አሰበች። ልጆች፣ ይህችን «ምን ይሆናል» እናንተም ታውቋታላችሁ።

«ገብቷል አባዬ!» አለች፤ ሳትነሳ።

«ጎበዝ፣ የእኔ ረዳት!» አለና ከማጨጃው ፊት ተንበርክኮ ሣሩን መንቀል ጀመረ።

ትራክተሯ ድምፅ ሳታሰማ ቁልቁል ወደ እሱ ተንቀሳቀሰች። ፍንጭት «አባዬ!» ብላ ስትጮህ ጊዜው አልፎ ነበር።

አባቷ በዚያው ቀን ሞተ።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ፍሬኑ ነው» አለ። ፍሬኑን ደግሞ ባለፈው ሳምንት የሠራው መካኒኩ ነው። ሊያለቅስ ሲመጣ እናቷ በሩ ላይ ቆመች።

«ወንድሜ ይልህ ነበር! ሂድ፤ ዓይንህን ማየት አልፈልግም!»

መካኒኩ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ጋራዡን ዘጋ። ፍንጭት በመስኮት ታየዋለች፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እጆቹን እያገላበጠ ያያቸዋል። መጋረጃውን ትዘጋለች፤ ተመልሳ ደግሞ ትከፍተዋለች።

አንድ ጠዋት መካኒኩ መፍቻዎቹን ሊሸጥ በጆንያ ሲከት አየች። ሮጣ ወደ እናቷ ሄደች።

«እማዬ፣ ታኮውን አላስገባሁትም። ገብቷል ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

እናቷ አልመታቻትም። አላቀፈቻትምም። ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች። ከዚያ፣ «ጫማሽን አድርጊ» አለቻት።

መንገዱን ተሻገሩ። ፍንጭት ለመካኒኩ ሁሉንም ነገረችው። እናቷም «በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለችው።

መካኒኩ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «እኔ እኮ ያንን ፍሬን በሐሳቤ ስፈታና ስገጥም ነው የማድረው» አለ። ከዚያም ፍንጭትን አያት። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ። ግን ለሰፈሩ ሰውም ትነግሪልኛለሽ?»

«እነግራለሁ፣ ጋሼ።»

ከቤት ወደ ቤት እየሄደች ነገረች። አንዳንዱ አቀፋት፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረባት። አባቷ አልተመለሰም። ጋራዡ ግን በሳምንቱ ተከፈተ። ያን ዕለት ማታ እናቷ ፍንጭትን ከጎኗ አስተኛቻት።

ልጆች፣ ያልሠራነውን «ሠርቻለሁ» አንበል፤ ካልንም ሌላ ሰው ጥፋታችንን ሳይሸከምልን ፈጥነን እውነቱን እንናገር።