ሳይዘፈን የተገባበት ጫካ

ሮዛሊያ ገና ሳይነጋ የቤቷን በር ቀስ አድርጋ ዘጋች። ቦርሳዋ ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ ደረቅ ቋሊማና ፎቶ የምታነሳበት ስልኳ አሉ። ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ሲወርድ ሰንብቷል፤ የደቡቡ ነፋስ ደግሞ ከመንደሩ በላይ ያለውን የሮግን ጫካ እያንገዋለለው ነው። በእንዲህ ያለ ቅዳሜ ጤነኛ ሰው ብርድ ልብሱን ይከናነባል እንጂ ጫካ አይወጣም። እሷን ግን ቅናት አስወጣት፤ ሌላ ስም አንስጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ከመሬት በታች በሚፈሰው ውሃ ውስጥ አንድ ፍጡር ይኖራል። እንደ እንሽላሊት አራት እግር አለው፤ ቆዳው የነጭ ሰው ገላ ስለሚመስል ሕዝቡ «የሰው ዓሣ» ይለዋል። ዓይን የለውም። ሮዛሊያ የመንደሩን ትንንሽ ልጆች ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተምር፣ «ለምን ዓይን የለውም?» ያላትን ሁሉ «ስላልተጠቀመበት ጠፋ» እያለች ኖራለች። ማንም ተሳስተሻል ብሏት አያውቅም።

ዘንድሮ ኔዣ መጣች። ወጣት መምህርት ናት፤ ድምጿ ያምራል፤ ልጆቹ ቀሚሷን ይዘው ነው የሚውሉት። አንድ ቀን የሁለቱንም ክፍል ልጆች ሰብስባ፣ ጥቁር ጨርቅ አንጥፋ ነጭና ጥቁር ባቄላ በተነችበትና «ወፎች ናችሁ፤ ቶሎ ቶሎ ልቀሙ!» አለቻቸው። ነጩ ተለቅሞ አለቀ፤ ጥቁሩ ቀረ። «አያችሁ? የሚወልደው የተረፈው ነው» አለቻቸው። በማግስቱ የስድስት ዓመቷ ብሪና ሮዛሊያ ፊት ቆመች።

«ቲቸር፣ አያቴ እኮ በጆሮው አይጠቀምም። ምንም አይሰማም። ታዲያ እኔ ለምን ጆሮ ኖረኝ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሮዛሊያም ሳቀች፤ ጥያቄው ከማን ትምህርት እንደመጣ ግን ገብቷታል።

በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሁለቱ ክፍሎች ዘጠኝ ልጆች ተቀላቅለው ለአንዷ መምህርት ይሰጣሉ። ርዕሰ መምህሩ ሰኞ ሁለቱንም አይቶ ሊወስን ነው። ዓርብ ዕለት ሮዛሊያ ዳቦ ቤት ተሰልፋ ሳለ፣ ከፊቷ ኔዣ ከደን ጠባቂው ጋር ስታወራ ሰማች።

«ጎርፍ ሲሆን ጫካ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ምንጭ፣ ሌላውን ዝርያ፣ ጥቁሩን የሰው ዓሣ ይተፋዋል ይባላል። እሱ ዓይን አለው! ፎቶውን ከነጩ ጎን ባደርግላቸው እኮ ነገሩ ሁሉ ይገባቸዋል። ነገ እሄዳለሁ።»

«ሂጂ» አለ ደን ጠባቂው፣ «ግን እየዘፈንሽ። ድቧ ዘንድሮ ልጆች ይዛለች።»

እዚያ አገር ሰው ጫካ ሲገባ ይዘፍናል፤ ድብ ሰምታ ዞር እንድትል። ሮዛሊያ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ግን ከዘፈነች ኔዣ ትሰማለች፤ ቀድማት መውጣቷም ይታወቃል። ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ፣ የላይኛውን አቋራጭ ይዛ በዝምታ ገባች።

ጫካው ይጮሃል። ቅርንጫፍ ይገነጠላል፤ ውሃ በየጉድጓዱ ይንቦጫረቃል። ዳገቱን በእጅ በእግሯ ቧጥጣ ወጣች። ድንገት ከላይ አንድ ነገር ተሰነጠቀ፤ ዘላ ዞር ከማለቷ ትልቅ ዛፍ ቆማ በነበረበት ቦታ ተጋደመ። ጭቃው ፊቷ ላይ ተረጨ።

«እሰይ! ይበልሽ!» አለች ለራሷ፤ ተነስታም ሄደች።

ከዛፉ ማዶ ነበር ድቧን ያገኘቻት። ሁለት ግልገሎች ግንድ ላይ ሲንጠላጠሉ እናታቸው በኋላ እግሯ ቆመች፤ ቁመቷ በር የሚያህል። ቀጥሎ በፊት እግሮቿ መሬቱን ደቃችና ተነፈሰች። ሮዛሊያ መሮጥ እንደሌለባት ታውቃለች። በቀስታ እያወሩ ወደኋላ ማለት ነው ያለው። ግን ምን ይወራል? ሃያ ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት ያደረገችው የስም ጥሪ ብቻ አፏ ላይ መጣ።

«ጋሽፔር» አለች። አንድ እርምጃ ወደኋላ። «ሎቭሮ። ቲንካራ። ማቴቭዥ…»

ድቧ ጆሮዋን አቆመች። ሮዛሊያ ዘጠኙን ልጆች ጠርታ ጨረሰችና ከጋሽፔር እንደገና ጀመረች። ሁለተኛው ዙር ላይ ብሪና ስትደርስ ድቧ ግልገሎቿን እየገፋች ቁልቁል ወረደች። ሮዛሊያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። እነዚህን ልጆች ለሌላ ሰው መስጠት እንደማትችል ያን ጊዜ እርግጠኛ ሆነች።

ያኔ ከታችኛው መንገድ ዘፈን ተሰማ። ኔዣ ናት፤ በዚያ ሁሉ ነፋስ መሃል እንኳ የሚያምር ድምፅ!

«ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢጎረንንሽ» አለች ሮዛሊያ፤ መሮጥም ጀመረች።

ምንጩ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ዘፈኑ ቆመ። ጩኸት ተከተለው።

ሮዛሊያ ከገደሉ ጫፍ ቁልቁል አየች። ምንጩ ሞልቶ ኩሬ ሆኗል። ኔዣ መሃል ላይ ካለ ቋጥኝ አጠገብ ቆማለች፤ ውሃው ወገቧ ደርሷል፤ ይጨምራልም።

«እትዬ ሮዛሊያ! እግሬ ድንጋይ መሃል ተቀርቅሯል! ይርዱኝ!»

ሮዛሊያ ገመዱን አወጣች። ከዚያ ግን ቆመች። ክፉ ሐሳብ መጣባት፤ የመጣባትም ጥርት ብሎ ነው። ማን አየኝ? ሰኞ አንዲት መምህርት ብቻ ትኖራለች። ዘጠኝ ልጆች፣ ሁሉም የእኔ። ውሃው የኔዣን ደረት ሲነካ ሮዛሊያ የራሷ እጅ ገመዱን እንደያዘ ምንም ሳያደርግ አየችው፤ እጇን ጠላችው። ገመዱን ዛፍ ላይ አሰረችና ጫፉን ይዛ ዘላ ገባች።

ቅዝቃዜው ትንፋሿን ቆረጠው። ጎርፉ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ነጥቆ ወሰደው። ጠለቀች፤ የኔዣን ጫማ ማሰሪያ በጣቷ ፈታች፤ ወጥታ ተነፈሰች፤ እንደገና ጠለቀችና እግሯን ከነካልሲው ከጫማው ውስጥ መንጭቃ አወጣችው። ሁለቱም ገመዱን ይዘው እየተንፏቀቁ ዳር ወጡ።

«ስልክሽስ?» አለች ሮዛሊያ እያሳለች።

«ሄዷል። ግን አየሁት! ቋጥኙ ስር ነበር፤ ጥቁር! ዓይን አለው!»

ሮዛሊያ ዞራ ኩሬውን አየች። ደፍራሽ ውሃ ብቻ ነው።

በአንድ ንብ አርቢ ባዶ ዳስ ተጠልለው ካልሲ ሲጨምቁ ኔዣ ቀና አለች።

«ከመግባትዎ በፊት ቆመው ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«ለምን?»

«ክፍሉ ለእኔ እንዲቀር። ሌላ ምን ልበልሽ?»

ኔዣ ፊቷ ነጣ። ካልሲዋን ጨምቃ ጨርሳ አጠለቀችው። በመጨረሻ ተነሳችና በአንድ ጫማ እያነከሰች ወጣች።

«እንሂድ። ይዝፈኑ እንጂ፤ ድብ አለ አይደል?»

«የእኔ ድምፅ ድብ ያባርራል።»

«ታዲያ ምን ፈለግን?»

እስከ መንደር ድረስ ዘፈኑ፤ አንዷ በዜማ፣ አንዷ በጩኸት።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ደብተሩን ይዞ ከኋላ ተቀመጠ። ሮዛሊያ ቀደመች። ስለ ዛፉ ተረከች፤ ስለ ድቧና ስለ ስም ጥሪው ስትነግራቸው ልጆቹ «አቤት!» እያሉ ወንበራቸው ላይ ዘለሉ። ኔዣን ሁሉም ረሷት። ሮዛሊያ በዓይኗ ፈለገቻት፤ በር ጋ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። ያንን ፊት ሮዛሊያ ታውቀዋለች፤ ዓመቱን ሙሉ መስታወት ውስጥ ስታየው ከርማለች።

«ቲቸር» አለች ብሪና፣ «ጥቁሩንስ አየሽው?»

አየሁት ማለት ቀላል ነበር። የርዕሰ መምህሩ ብዕር ይጠብቃል።

«አላየሁትም» አለች ሮዛሊያ። «ያየችው ኔዣ ናት። ሐሳቡም የእሷ ነው፤ እኔ ዳቦ ቤት ቆሜ ነው የሰረቅኩባት። ደግሞ ስላልተጠቀመበት ጠፋ ያልኳችሁ ስህተት ነው። ነዪ፣ አንቺ ንገሪያቸው።»

ከብሪና አጠገብ ያለችውን ትንሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስትስባት ክፍሉን እየሰጠች እንደሆነ ታውቃለች። ቅናቱም አልሞተም።

«ድሮ ድሮ» አለች ኔዣ፣ «ሁሉም ዓይን ነበራቸው። ግን ሲወለዱ እኩል አልነበሩም፤ አንዱ አጥርቶ ያያል፣ አንዱ አያይም። ብርሃን ባለበት የማያየውን ሌላው ይበላዋል። ጨለማ ውስጥስ?»

«ማንም አያይም!» አለ ጋሽፔር።

«ስለዚህ ዓይን የሌለውም ያድጋል፤ እንዲያውም ምግቡን ዓይን ለመሥራት አያባክንም። ይወልዳል፤ ልጆቹም ይወልዳሉ። በብዙ ብዙ ሺህ ዓመት ጨለማው ውስጥ የቀሩት ዓይን የሌላቸው ሆኑ።»

ሮዛሊያ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የጥቁሩ ዓይን ምን ታክላለች?»

«የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች» አለች ኔዣ።

ብሪና ወደ ሮዛሊያ ተጠግታ በጆሮዋ አንሾካሾከች።

«ቲቸር፣ አንቺም አታውቂም እንዴ?»

«አላውቅም» አለቻት ሮዛሊያ። «ዝም ብለሽ ስሚ።»