ማርያም የሳመቻት ንግሥት

ፎቶግራፍ አንሺው ሽፈራው አሜሪካ፣ ክላርክስተን ከተማ ባለው አፓርትመንቱ፣ ፎቶ በሚያጥብባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ከበላዩ፣ ገመድ ላይ፣ ዘውድ የደፋች ተዋናይት ፎቶ ውሃ ያንጠባጥባል።

የፖሊስ መርማሪው በዚህች ጠብታ የተነሳ የሟቹን ታናሽ ወንድም ገሠሠን በካቴና አሰረው። ፎቶው ካልደረቀ ሰውየው የሞተው ገና አሁን ነው፤ ከሰዓቱን ሙሉ ቤት የነበረው ደግሞ ገሠሠ ብቻ ነው። አስከሬኑን ያገኙት ሁለቱ የቲያትር ተዋናዮች እስከዚያ ድረስ ዲኬተር ከተማ ልምምድ ላይ ነበሩ።

ሻምበል ጥላዬ አገር ቤት ስመ ጥር የወንጀል መርማሪ ነበሩ፤ እዚህ አስተርጓሚ ናቸው። ሐሳብ ሊሰጡ በሞከሩ ቁጥር «አንተ ትራንስሌት ብቻ አድርግ» ይባላሉ። አንጀታቸው አርሯል።

«ሻምበል፣ ሌሊቱን ናይት ሠርቼ ቀን ተኝቼ ነበር» አለ ገሠሠ። «ወንድሜን እኔ ልግደል?»

«እየሰማሁህ ነው።» ወደ ሁለቱ ተዋናዮች ዞሩ። «መጀመሪያ ማን ገባ?»

«ደጊቱ» አለች ንግሥቷን የምትጫወተው ሉሊት። «መኪናውን ፓርክ እስካደርግ ቀደመችኝ። ልምምድም አርፍዳ ነው የመጣችው።»

«ባስ አምልጦኝ ነው» አለች ደጊቱ። «ሽፈራው እንደሆነ ሉሊትን ከነዘውዷ፣ እኔን ገረዷን ከነማሰሮዬ ነው የሚያነሳኝ። በደንብ አንሳኝ ብዬ ለምኜው ሰልችቶኛል።»

ሻምበል ፎቶውን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ የሟቹን ሳጥን በረበሩ። ሲጨርሱ ማንንም ሳያስፈቅዱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰቡ፤ የሚሉትንም ለፖሊሱ በእንግሊዝኛ ይደግሙለት ጀመር።

«ይህ ፎቶ ተጨማዶ የነበረ ነው» አሉ። «ከቅርጫት የወጣ ውድቅ ነው፤ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ታትሟል። ገሠሠ፣ ወንድምህ የተበላሸ ፎቶ ያሰጣ ነበር?»

«እሱ? ቀድዶ ነው የሚጥለው።»

«ስለዚህ የሰቀለው ሌላ ሰው ነው። ሽፈራው ከልምምዱ በፊት ሞቷል። ገዳዩ ተመልሶ የተጣለ ፎቶ ውሃ ነክሮ ሰቀለ፤ ገና አሁን የሞተ እንዲመስል። ብቻውን የገባው ማን ነበር?»

ሉሊት ከደጊቱ አጠገብ ፈቀቅ አለች።

«መገልበጡን በምን አወቁ?» አለች ደጊቱ።

«ዘውድ ስላየን ሁላችንም ሉሊት ናት አልን። አንቺን ማርያም የሳመችሽ ግራ ጉንጭሽ ላይ ነው። እዚህ ፎቶ ላይ ምልክቱ በቀኝ ነው።»

«የኔ ፎቶ ነው?»

«ሉሊት ታማ በተካሻት ቀን ሳታውቂ አንስቶሻል።» ከሳጥኑ ያገኙትን፣ በትክክል የታተመውን ትልቅ ፎቶ ሰጧት። «ለቲያትራችሁ አዳራሽ መግቢያ ያዘጋጀው ይህን ነው። ሊያስደንቅሽ ፈልጎ ይመስለኛል።»

ደጊቱ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«በዚያ ክፍል ቀይ መብራት የፎቶው ፊት አይለይም፤ ሉሊት መስላኝ ነው የሰቀልኩት» አለች ቀስ ብላ። «ሽፈራውን ገፋ ብቻ ነው ያደረግኩት፤ የማጠቢያው ገንዳ ጭንቅላቱን መታው። አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

ፖሊሱ የገሠሠን ካቴና እየፈታ «ምን አለች?» ሲል ጠየቀ።

ቀኑን ሙሉ ልናገር ሲሉ የተከለከሉት ሻምበል አሁን አፋቸው አልታዘዝ አላቸው። ደጊቱ ፎቶው ላይ ራሷን አይታ እስክትጠግብ ጠበቁና ተረጎሙለት።